እንሰት የሌለበት ቦታ

ሆሳዕና ከተማ ዳር አንዲት እናት ጓሯቸውን አስጎብኝተውኛል። መሐሉን ፈልፍለው የቀበሩት አሚቾ ዙሪያውን ችግኝ አውጥቷል፤ ብቆጥር ከሃያ በለጠብኝ። «ልጄ፣ እንሰት በራሱ የትም አይሄድም፤ የሚወስደው ሰው ነው» አሉኝ። አየር ንብረት ሲለወጥ ዕፅዋት ወዴት እንደሚሸሹ የሚተነብዩ ባለሙያዎች ሁሉ ይህን ጓሮ ቢያዩት እወዳለሁ።

የትንበያው ስሌት ቀላል ነው፦ ዝርያው የተገኘባቸው ቦታዎች ተመዝግበው የሙቀትና የዝናብ ልካቸው ይወሰዳል፤ ከዚያ ወደፊት እንዲህ ያለ አየር የት እንደሚኖር ይፈለጋል። ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ ብርድ የለመደ ተክል አገሩ ሲሞቅ ሽቅብ ይወጣል። ከምባታ ውስጥ ያለው የሐምበሪቾ ተራራ ግን ጫፉ ከ3,000 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ከዚያ በላይ መሸሻ የለም።

የሚያንገበግበኝ ከዚህ ስሌት የሚወጣው ካርታ አነባበብ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ «እንሰት ሰሜን የሌለው አየሩ ስላልተስማማው ነው» ሲባል ሰማሁ። ስህተት ነው! ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ እንሰት በጣና አካባቢ ሲለማ አይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍም ሥዕሉን አውጥቶታል። ያኔ የበቀለበትን አገር ዛሬ ባዶ ስላገኘነው ብቻ አየሩን ጥፋተኛ ማድረግ አይገባም። ተካዩ ተወው ማለትም ይቻላል። ኮምፒውተሩ ግን ይህን ታሪክ አያውቅም፤ የሚያውቀው የሰጡትን ነጥብ ብቻ ነው።

የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ያለው የዛሬ አየር የእንሰትን እርሻ 12 እጥፍ ሊያሰፋ እንደሚችል አሳየ። እ.ኤ.አ. እስከ 2070 ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥ ከዚህ ውስጥ ከ37 እስከ 52 በመቶውን ሊቀንስ ይችላል አለ። ይህን አንብቦ «ግማሹ እንሰት ሊጠፋ ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የሚቀንሰው እኮ ሊተከልበት ይችል የነበረው ቦታ ነው፤ የሆሳዕናው ጓሮ አይደለም። እንዲያውም ጥናቱ ወደፊትም ለእንሰት ይመቻሉ ካላቸው ሰፋፊ ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ደጋ ነው።

እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ዛሬ የሚተከለው ችግኝ የሚፋቀው በነገው አየር ነው። ስለዚህ ትንበያውን አትናቁት። ካርታ የምታሳዩን ግን አደራ፣ ቀለሙ የሚናገረው ስለ አየሩ ይሁን ስለ ተክሉ አስቀድማችሁ ንገሩን።