የሚያበራ ቀለምና የዩቪ ቀለም፦ ለሌሊት ዓሣ አጥማጆች

በአሽዶድ ባሕር ዳርቻ በሌሊት ዓሣ የሚያጠምዱና ማባበያውን በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ቀለም ከመግዛታቸው በፊት አንድ ነገር ቢያውቁ ገንዘባቸው አይባክንም። በጨለማ የሚያበራ ቀለምና የዩቪ ቀለም በቆርቆሮው ላይ ሲታዩ ቢመሳሰሉም ሥራቸው የተለያየ ነው።

በጨለማ የሚያበራው ብርሃን ያጠራቅማል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ መልሶ ይሰጣል። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ከስትሮንቲየም አሉሚኔት ሲሆን፣ ከቀድሞው ዚንክ ሰልፋይድ ይልቅ ረጅም ሰዓት ያበራል። የዩቪ ቀለም ግን ምንም አያጠራቅምም። የሚደምቀው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ብቻ ነው፤ ጨረሩ ሲቋረጥ ወዲያው ይጠፋል።

ስለዚህ የዩቪ ቀለም ለቀን፣ ለንጋትና ለደመናማ ሰዓት ይሆናል። ቀይ ቀለም ውኃ ውስጥ በጥቂት ሜትር ጥልቀት ሲደበዝዝ እሱ ደምቆ ይታያል። ብርሃን በሌለበት ሌሊት ግን አይረዳም። ለሌሊት፣ በተለይ ለካላማሪ፣ የሚያበራው ይሻላል። አብዛኞቹ የካላማሪ ዝርያዎች ቀለም ስለማይለዩ፣ ከቀለሙ ዓይነት ይልቅ የብርሃንና የጨለማው ልዩነት ይበልጥባቸዋል።

አሠራሩም ቀላል ነው። መጀመሪያ ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ነጩ ብርሃኑን ወደ ውጭ ይመልሳል። ከደረቀ በኋላ የሚያበራው ቀለም 2 ወይም 3 ጊዜ ይደረብበታል። ስትሮንቲየም አሉሚኔትን ውኃ ስለሚያበላሸው በመጨረሻ ግልጽ ቫርኒሽ ሊለብስ ይገባል። ባሕሩ ዳር ሲደረስ በዩቪ የእጅ ባትሪ ብርሃን ይሞላል፤ ባትሪው ግን ወደ ዓይን መብራት የለበትም፣ ለልጆችም አይሰጥም።