ከጀርባው የተቀረጸበት ሴኮ

በቶሮንቶ ስካርቦሮ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ጀርባው ላይ የጃፓን ጽሑፍ የተቀረጸበት የሴኮ የእጅ ሰዓት ካገኙ ሁለት ባለታሪክ አግኝተዋል፤ አንዱ ፋብሪካው፣ ሌላው ባለቤቱ። የሁለቱን ቃል ማስተያየት ነው ሥራው።

ከፋብሪካው እንጀምር። በድሮ ሴኮ ክዳን ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። «6119» ዓይነቱ የሞተሩ መለያ ነው። የሌላው፣ የተከታታዩ ቁጥር፣ የመጀመሪያ አኃዝ ሰዓቱ የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል፤ ኖቬምበር ከሆነ «ኤን» የሚለው ፊደል ይገባል። በ«0ኤን» የሚጀምር ቁጥር ታዲያ የ1970 ነው ወይስ የ1980? ይህን የሚለየው ሞተሩ ነው፤ 6119 ከሆነ ኖቬምበር 1970 እ.ኤ.አ. ነው።

ባለቤቱ ያስቀረጸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሾዋ ዘመን፣ ማለትም በንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመነ መንግሥት ይቆጠራል። 1925 ሲደምሩበት የአውሮፓው ዓመት ይመጣል፤ ሾዋ 45 ማለት 1970 ነው። በሁለት ዘመን ለሚኖር ሐበሻ ይህ አይከብደውም። ሾዋ 39 ደግሞ የእኛም ነው፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2:12:11.2 ሲጨርስ የኦሎምፒኩ ሰዓት ያዥ ሴኮ ነበር።

ከዓመቱ ጎን «ኪንዞኩ» የሚል ካለ ሰዓቱ የረጅም አገልግሎት ሽልማት ነው፤ የጃፓን መሥሪያ ቤቶች ለነባር ሠራተኞቻቸው እንዲህ ይሸልሙ ነበር። ክዳኑ ላይ ያለው የሞተር መለያ ውስጥ ካለው ሞተር ጋር ካልገጠመ ግን ይጠርጥሩ። ሰዓት ሠሪ የሌላ ሰዓት ክዳን ገጥሞበት ይሆናል፤ ያኔ የተቀረጸው ስም የክዳኑ ባለቤት እንጂ የሰዓቱ አይደለም።

በዚህ ከተማ ስም ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። በ1942 እ.ኤ.አ. ወደ 22,000 የሚጠጉ ጃፓናውያን ካናዳውያን ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠረፍ ተነቅለው ቤታቸውና ጀልባቸው በመንግሥት ተሸጠ። እስከ ኤፕሪል 1949 መመለስ ስለተከለከሉ ብዙዎቹ ቶሮንቶን አገር አደረጉ፤ መንግሥት ይቅርታ የጠየቃቸው በ1988 ነው። ሞሚጂ የተባለው የአረጋውያን መኖሪያቸው ዛሬም እዚሁ ስካርቦሮ፣ ኪንግስተን ጎዳና ላይ አለ። ንብረቱን ላጣ ማኅበረሰብ የአባት ስም ያለበት ሰዓት ከገበያ ዋጋው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ክዳኑን አያስወልውሉት፤ ማሽኑ ቀጭኑን ጽሑፍ ይበላዋል። መብራት ከጎን አብርተውበት ፎቶ ያንሱና ጃፓንኛ ለሚያነብ ሰው ያሳዩ።