«ጎማው መሬት ከነካ በረራው ተፈጽሟል» ስለሚባለው ስሑት እምነት

ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኝ የሣር ሜዳ ዳር ቆሜ ሳለሁ፣ ያገሬ ልጅ የሆነ አንድ ደቀ መዝሙር ሦስተኛ ጎማዋ ከጅራቷ ሥር የሆነችውን ትንሽ አውሮፕላን ከጎን በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ በሚያስመሰግን ጥንቃቄ አውርዶ፣ ኋላ እንደ ነገረኝ፣ ሣሩን እንደ ነካ እግሮቹን ከፔዳሎቹ ላይ ቢያላላ፣ አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ መልሳ ስትሽከረከርና የክንፏ ጫፍ መሬቱን ሲያርስ አየሁ። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ሰው ሁሉ ነፋሱን ከሰሰ፤ እኔ ግን ከነፋሱ ይልቅ «ጎማው መሬት ከነካ በረራው ተፈጽሟል» እያሉ በሚያስተምሩት ላይ እቈጣለሁ።

አባባሉ ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። ዛሬ ብዙ ተማሪ የሚለምድባት፣ እንደ ሴስና 172 ያለችው ባለ አፍንጫ ጎማ አውሮፕላን፣ ማእከለ ክብደቷ ከዋናዎቹ ጎማዎች ቀድሞ ስለሚውል፣ ጥቂት ብትጣመም እንኳ ወደ መቅናት ታዘነብላለች። የባለ ጅራት ጎማዋ ማእከለ ክብደት ግን ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ነው፤ ጋሪ ከፊት ሲጎትቱት ቀጥ ብሎ እንደሚከተል፣ ከኋላ ሲገፉት ግን ጥቂት ከዞረ መዞሩ እየባሰ እንደሚሄድ፣ እርሷም እንደሚገፋው ጋሪ ናት። በዚህ ላይ ነፋሱ የቆመ ጅራቷን ሲገፋው አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ ፍጥነቷ በቀነሰ መጠንም የጅራቷ መሪ ኃይል ይደክማል። እንግዲህ ጭንቁ ሰዓት የሚጀምረው ልጁ «ተፈጸመ» ባለበት ቅጽበት ነው፤ መሪ ዘንጉን ወደ ነፋሱ ወገን አዘንብሎ፣ እግሮቹንም ሳያሳርፍ እስክትቆም መትጋት ነበረበት።

ነገሩ የዘመንም ጉዳይ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1925 የመጀመሪያዋ ሞዝ የተባለች አውሮፕላን፣ በ1931 ደግሞ ታይገር ሞዝ ከለንደን ስታግ ሌን ሲነሡ፣ የክሮይደንም አየር ጣቢያ ሰፊ ሣር በነበረበት ዘመን፣ አብራሪው ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበልበትን አቅጣጫ ራሱ ይመርጥ ነበር። የዛሬው ጠባብ ማኮብኮቢያ ግን አቅጣጫውን አስቀድሞ ወስኖ ይጠብቀዋል። በ1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ በረራ የጀመሩት የአየር መንገዳችን ሲ-47 አውሮፕላኖችም ባለ ጅራት ጎማ ነበሩና፣ ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም።

«ነፋሱ ትንሽ ብቻ ገደድ ያለ ነው» የሚሉም አሉ፤ የ20 ኖት ነፋስ በ30 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል 10 ኖት ከጎን ይመታል። «አስፋልት ከሣር ይሻላል» ማለትም ለባለ ጅራት ጎማዋ አውሮፕላን አይሠራም፤ ሣር ጎማውን ጥቂት ያንሸራትትለታል፣ አስፋልት ግን አንቆ ይይዘዋል።

በሦስቱም ጎማ አንድ ጊዜ ማረፍ ይሻላል ወይስ ጅራትን አንሥቶ በሁለቱ፣ በሚለው አብራሪዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ነፋሱ ሲበረታ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ይሁንና ጅራቷ ወርዳ መሬት እስክትነካ ያለችው ጥቂት ጊዜ ሁልጊዜ ታስፈራኛለች።