ለኤምካት ለምትዘጋጁ የአል ዋሕዳ ልጆች

በአቡ ዳቢው አል ዋሕዳና በአካባቢው የምትኖሩ ወላጆች «ልጄ እዚሁ ሕክምና መማር ይችላል ወይ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እንደ ባዮሎጂ መምህር የማውቀውን ላስረዳ።

እዚሁ አቡ ዳቢ በ2019 እ.ኤ.አ. ተማሪ መቀበል የጀመረው የኸሊፋ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ኮሌጅ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ አያስገባም። መጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ኤምካት የተባለው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጅ መግቢያ ፈተና አለ።

ፈተናው 230 ጥያቄዎች አሉት። ሦስቱ የሳይንስ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 59 ጥያቄ በ95 ደቂቃ ናቸው። አራተኛው የንባብ ክፍል ሲሆን 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ይሠራል። ጎበዝ ተማሪዎቻችን የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ታሪክ ወይም ስለ ሥነ ጥበብ የተጻፈ እንግዳ ጽሑፍ ይቀርብላቸዋል፣ መልሱም ከጽሑፉ ብቻ ይወጣል። በሽምደዳ አይታለፍም። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ በየቀኑ አንድ ከበድ ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ ከየትኛውም ውድ ኮርስ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ ስሌቱን በእጅ ተለማመዱ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ የምትተዉት ጥያቄ አይኑር።

ለፈተናው ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ኮሌጁ የሚጠይቀውን ውጤትና የትምህርት ክፍያውን ራሱን ኮሌጁን ጠይቁ።