የቀበሌያችሁን ተወካይ መርጣችሁ ታውቃላችሁ?

ክረምት ገብቶ የሰፈራችሁ የጎርፍ ቱቦ ተደፈነ እንበል። ውሃው መንገዱን ሞልቶ ባጃጅ አያሳልፍም። ለማን ትናገራላችሁ? ብዙዎቻችን ቪዲዮ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ እንለቃለን። ላይኩ ይመጣል፤ ቱቦው ግን እንደተደፈነ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ብዙ የሚወራለት ትልቁ ፕሮጀክት ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው። የሰፈር ውስጥ መንገድ፣ የቆሻሻ ማንሳት፣ የመሬት ጉዳይ ግን የከተማ አስተዳደሩ ነው። አስተዳደሩን የሚመራውን ከንቲባ ደግሞ እኛ በቀጥታ አንመርጠውም፤ የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት ነው። ዓመታዊ በጀት የሚያጸድቀው፣ ሪፖርት የሚያዳምጠው፣ «ይሄ ለምን አልተሠራም?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ያለውም እሱ ነው። ከሥር ደግሞ የቀበሌ ምክር ቤት አለ።

ታዲያ እነዚህን ተወካዮች ማን መረጣቸው?

በመላ አገሪቱ የአካባቢ ምርጫ ሚያዝያ 2000 ተደረገ፤ ቀጥሎ ሚያዝያ 2005። በሁለተኛው ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አልተወዳደሩም። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ስለሆነ ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፤ ግን ተራዘመ። ሰኔ 2013 ባሕር ዳር ድምፅ ስትሰጥ ወረቀቱ ሁለት ነበር፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት። በዚያ ቀን የከተማ ምክር ቤታቸውን የመረጡት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ብቻ ናቸው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። በ2005 ለመምረጥ የደረሰው የመጨረሻው ልጅ በ1987 ዓ.ም. የተወለደው ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀውም በዚያው ዓመት ነው! አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ከዚያ ወዲህ የተወለድነው ግን በ2005ም በ2013ም ለቀበሌያችን ሰው ድምፅ ሰጥተን አናውቅም።

ይሄ ተራ ነገር አይደለም። ነገ ድምፃችሁን የማይፈልግ ተወካይ ዛሬ በራችሁን የሚያንኳኳበት ምክንያት የለውም። ከ2010 ወዲህ ከተማዋ ከአንድ በላይ ከንቲባ አይታለች፤ ሲቀያየሩ ግን የእኛ ድምፅ አልተጠየቀም።

ቢሆንም ዝም ማለት መፍትሔ አይሆንም። መጀመሪያ ቀበሌ ሄዳችሁ «የእኛን ሰፈር ወክሎ ምክር ቤት የሚቀመጠው ማነው?» በሉ። ስሙን ካገኛችሁ ቪዲዮውን ለእሱ አሳዩት፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ ስጡት። ጊዜውም ይታሰብበት፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ያልተነሳ ቱቦ በጀት ውስጥ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው። የሚያውቅ ሰው ካጣችሁ ደግሞ እሱ ራሱ መልስ ነው። የአካባቢ ምርጫ መቼ እንደሚደረግ መጠየቅ ያለብንም ለዚህ ነው።