«ብሬከር አለው» አትበሉኝ

ሰሞኑን አንድ ሳይት ላይ የድሪሉ ገመድ ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሎ አየሁ። ልጁን ስጠይቀው «ችግር የለም ኢንጂነር፣ ብሬከር አለው» አለኝ። በውስጥ መስመርም የምትጽፉልኝ ይህንኑ ነው።

ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከዚያ በታች ለሚያልፍ ነገር አይነቃም። ሰው ለመግደል ግን ከ0.1 አምፔር ያነሰም ይበቃል። ለሰው የተሠራው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው፣ 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጠው፤ ላዩ ላይ የመፈተሻ ቁልፍ አለው። እየተጫናችሁ ሞክሩት።

ኤክስቴንሽን ስትጠቀሙ ጥቅልሉን እስከ መጨረሻው ዘርጉት። ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ፕላስቲኩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። 2000 ዋት ግራይንደር በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ለቴሌቪዥን የተገዛች ቀጭን ማከፋፈያ ይህን አትችልም።

ድሪሉ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ ያለ ሁለት ካሬ ካያችሁ ባለሁለት እግር ስፒና ይበቃዋል፤ ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው። ከሌለው ሦስተኛውን እግር አትቁረጡ። (ሶኬት ውስጥ አልገባ ብሎት የቆረጠ ስንቱን አውቃለሁ!)

የተጠራጠራችሁትን ገመድ ከሶኬት ነቅላችሁ ፎቶውን ኮሜንት ላይ ጣሉት፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ።