ፍሌም ሴንሰር ሳይለካ አይቀየር

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ብርዱ ሲጠና የሚደርሰኝ ስልክ ተመሳሳይ ነው፦ «ሂተሩ ይነሳል፣ እሳቱ ይያያዛል፣ ወዲያው ድርግም ይላል።» ይህን ስሰማ አስቀድሜ የምጠረጥረው ፍሌም ሴንሰሩን ነው። ደዋዩ ግን ብዙ ጊዜ ከእኔ በፊት «የፈርነሱ (የሂተሩ) መቆጣጠሪያ ቦርድ ተቃጥሏል» ተብሎ ዋጋ ተቆርጦለታል።

ፍሌም ሴንሰር ነጭ ሸክላ ላይ የተተከለ፣ ጫፉ ነበልባሉ ውስጥ የሚገባ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ሙቀት የሚለካ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በሙቀት የሚሠራውና ራሱ ጥቂት ሚሊቮልት የሚያመነጨው የድሮዎቹ ማሞቂያዎች ቴርሞካፕል ነው። ይህኛው ምንም አያመነጭም። ቦርዱ ኤሲ ቮልቴጅ ይልክለታል፤ ነበልባሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ስላሉ እሳቱ ራሱ ከዘንጉ ነበልባሉ እስከሚወጣበት በርነር እንደ ሽቦ ያስተላልፋል። በርነሩ ከዘንጉ በስፋት እጅግ ስለሚበልጥ ግን ኤሌክትሪኩ ወደ አንዱ አቅጣጫ አብልጦ ያልፋል፤ ኤሲ ሆኖ የተላከው ወደ ዲሲ ያደላል። ቦርዱ የሚጠብቀው ይህችን ዲሲ ነው። ዘንጉ በእርጥበት ወይም በተላጠ ሽቦ ከብረት ጋር ቢነካካ የሚያልፈው ያው ኤሲ ስለሆነ ቦርዱ እሳት አለ ብሎ አይታለልም። ይህን ያሰበ ሰው ዛሬም ይገርመኛል።

ምልክቱ በጣም ትንሽ ነው፤ በብዙዎቹ ፈርነሶች ከ1 እስከ 6 ማይክሮአምፕ፣ ማለትም የአንድ አምፒር ሚሊዮንኛ እጆች። ከግማሽ ማይክሮአምፕ አካባቢ ሲወርድ ብዙ ቦርዶች ያልተቃጠለ ጋዝ እንዳይጠራቀም በሰከንዶች ውስጥ የጋዝ ቫልቩን ይዘጋሉ። ጥቂት ጊዜ ደግመው ይሞክሩና ይቆልፋሉ።

ምልክቱን የሚያዳክመው አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። ፈርነሱ ከልብስ ማድረቂያው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆን ብናኙም የልብስ ማለስለሻው ትነትም ከአየሩ ጋር ይገባና ዘንጉ ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ልባስ ይተዋል። ብሬከሩንና ጋዙን ዘግቶ፣ አንዷን ብሎን ፈትቶ፣ ዘንጉን ሳሙና በሌለው ደቃቅ የብረት ሽቦ ፈትጎ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የብርጭቆ ወረቀት አልወድም፤ ብረቱን ይጭረዋል።

መቀየር ያለበት ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ ዘንጉ ሲበላ ወይም ተጠርጎም ንባቡ ከፍ አልል ሲል ነው። ለመጨረሻው ፍርድ መቸኮል አይገባም፤ የላላ ግራውንድ፣ የተበላ ሽቦ፣ ዘንጉን በደንብ የማይነካ ደካማ ነበልባል፣ አልፎ ተርፎም መስመሩና ኒውትራሉ ተገላብጠው መታሰራቸው ያንኑ ችግር ያመጣሉ። አዲስ ሴንሰር ከእነዚህ አንዱንም አያድንም። ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ባለሙያው ሳይለካ ይቀይረዋል፤ ችግሩ በሳምንቱ ሲመለስ ደግሞ ቦርዱን ይወነጅላል።

ስለዚህ ቴክኒሻን ቤታችሁ ሲመጣ ሜትሩን ከሴንሰሩ ሽቦ ጋር በተከታታይ አገናኝቶ እንዲለካ ጠይቁት፦ ከመጥረጉ በፊት ስንት ማይክሮአምፕ ነበር፣ ከተጠረገ በኋላስ? ቁጥሩን ካልነገራችሁ ለቦርድ አትክፈሉ።